ጥቁር ቢራ የአራስ ወተት ያበዛል?



ባለፈው እሑድ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ሆነን የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች ጎረቤታችንን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንላት ሄደን ነበር። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤው ከመሐሉ ቀልጦ፣ ሕፃኑም በደህና ተኝቶ ስናይ ደስ አለን። ከአልጋዋ ራስጌ ግን ከአጥሚቱ ፔርሙዝ አጠገብ ሦስት ጠርሙስ ጥቁር ቢራ ተደርድሮ አየሁ።

«ይህ ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለእኔ ነው። ወተቴ አነሰብኝ። እትዬ ናቸው ጠጪ ያሉኝ» አለችና ዓይኗን በዕድሜ ወደ ገፉት ጎረቤታችን መለሰች።

እሳቸውም ሳያመነቱ «ምን አለበት ልጄ? ቢራ እኮ ገብስ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ደም ይሆናል። እኔ አምስት ልጅ ያሳደግሁት በጥቁር ጠላ ነው» አሉ።

ወጣቷ እናት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ቀኑ እየተቆጠረ ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እሷም ትጨነቃለች። በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የተባለውን ሁሉ ይሞክራል። እኔም በዚያች ሰዓት ሽማግሌ ሴት በአደባባይ ማሳፈር አልፈለግሁምና ዝም ብዬ ወጣሁ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ለመሆኑ ጥቁር ቢራ ደም ነው፣ ወተት ነው የሚለው እምነት ከየት መጣ?

እምነቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ቢራ ወይም ስታውት ሲባል በዓለም ላይ አስቀድሞ የሚጠራው የአየርላንዱ ጊነስ ነው። አርተር ጊነስ የተባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1759 በደብሊን ከተማ የቢራ መጥመቂያውን ቦታ በዓመት 45 ፓውንድ ለ9,000 ዓመት ተከራየ። ከዚያ ቤት የወጣው ቢራ «ደረቅ ስታውት» ለሚባለው ዓይነት ምሳሌ ሆነ። ደረቅ የተባለው ስኳሩ ስለሚብላላና ጣፋጭነት ስለማይቀርለት ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ደግሞ እስኪጠቁር ከተቆላ ገብስ ነው። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ አሻሮ ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ይህን ለመረዳት አትቸገርም።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ የአየርላንዶች የቅዱስ ፓትሪክ በዓል መጋቢት 8 ቀን ሲቃረብ፣ በአሜሪካም ያሉ ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ለወቅቱ ብቻ የሚሆን ደረቅ ስታውት ያወጣሉ። ጠጪዎቹም በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ የቡናን ምሬትና የወፍራም አረፋውን ልስላሴ ያመሰግናሉ። ሌሎቹ «አመድ አመድ ይላል፤ መልኩ ወፍራም ሆኖ አፍ ላይ ሲደርስ ይቀጥናል» ይላሉ። ያልቀመሱት ደግሞ መልኩን ብቻ አይተው ከባድና ምግብነት ያለው መጠጥ ያደርጉታል።

ይህ የመጨረሻው ግምት በማስታወቂያም ተደግፏል። እ.ኤ.አ. በ1929 ጊነስ «ጊነስ ይስማማዎታል» የሚል ትርጉም ያለውን መፈክር ይዞ ወጣ። በአየርላንድና በብሪታንያ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ከበሽታ ለሚያገግሙ፣ ደም ለሚለግሱም ሰዎች ስታውት ይሰጥ የነበረበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን ፋብሪካው ራሱ ቢራዬ ለጤና ይበጃል አይልም። በአገራችንም የሐረር ቢራ ፋብሪካ «ሐኪም ስታውት» የተባለ ጥቁር ቢራ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ሐኪም ተብሎ ስለተጻፈ ግን ሐኪም ያዘዘው አይሆንም።

እንግዲህ ወሬውን አንድ በአንድ እንመልከተው።

ከባድ ነው፣ ምግብ ነው ይባላል። የጊነስ ድራፍት አልኮል 4.2 በመቶ ሲሆን 355 ሚሊ ሊትሩ 125 ካሎሪ ያህል አለው። ይህም ከብዙዎቹ ቢጫ ቢራዎች ያነሰ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ለውጭ ገበያ ተብሎ የሚጠመቀው፣ እስከ 7.5 በመቶ አልኮል ይይዛል። ስለዚህ ጥቁረቱ ስለ ጉልበቱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ጠርሙሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ደም ይሆናል ይባላል። ደም ለመሥራት ሰውነታችን ብረት ይፈልጋል። ግማሽ ሊትር ከምትበልጥ አንድ የጊነስ ብርጭቆ የሚገኘው ብረት 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ሒሳቡን ሥሩት፤ ዘጠና ብርጭቆ መሆኑ ነው! ምስር፣ ጎመን፣ አቅም ሲፈቅድም ሥጋ ከዚህ እጅግ ይሻላሉ። ከምግብ ጋር ሎሚ ወይም ብርቱካን መጨመር፣ ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ማራቅ ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዲገባ ይረዳል።

ወተት ያበዛል ይባላል። እዚህ ላይ እትዬ በግማሽ እውነት አላቸው። ገብስ ውስጥ ያለው አንድ ንጥረ ነገር ወተት እንዲመረት የሚያዘውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ሊያነሣሣ እንደሚችል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ችግሩ ያለው ከአልኮሉ ላይ ነው። አልኮል ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋውን ኦክሲቶሲን ይቀንሳል። ስለዚህ እናትየዋ ጡቷ የሞላ ይመስላታል፤ ወተቱ ግን እንደ ልብ አይወርድም። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች እናታቸው አልኮል የጠጣች ሕፃናት በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት የጠቡት ወተት በአምስት አንድ እጅ ያህል አንሶ ተገኝቷል። እንቅልፋቸውም ያጥራል። ጡት የሞላ የመሰለው ልጁ ስላልጠገበ ነበር ማለት ነው!

በተጨማሪም እናት የጠጣችው አልኮል በደሟ ውስጥ ያለውን ያህል በወተቷ ውስጥ ይገኛል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜም ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። ወተቱን አልቦ መድፋት አያፈጥነውም፤ የሚያጠራው ጊዜ ብቻ ነው። ስለ እርግዝና ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ሐኪሞች አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስም ሰጥተው ካሳወቁ ወዲህ ለነፍሰ ጡር ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም።

ታዲያ ወተቷ ያነሰባት እናት ምን ታድርግ?

መጀመሪያ፣ በእርግጥ አንሶ እንደሆነ ትመልከት። ሕፃኑ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቱን የሚሸና፣ ክብደቱም የሚጨምር ከሆነ ወተቱ በቂ ነው። ልቅሶ ሁሉ ረሃብ አይደለም። እነዚህ ምልክቶች ካልታዩ ግን ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ሁለተኛ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊትም ጭምር ታጥባ። ወተት በተጠባ ቁጥር ይተካል።

ሦስተኛ፣ ገብሱን ከፈለገች አልኮል የሌለበት ሞልቷል፤ አጥሚት፣ በሶ፣ የገብስ ሾርባ። ጠላም ቢሆን አልኮል እንዳለው አንርሳ።

አራተኛ፣ ሥራ የምትገባ እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። በክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

አምስተኛ፣ በዓል ሆኖ አንድ ብርጭቆ የቀመሰች እናት ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ብርቱ ከሆነም ከዚያ በላይ ቆይታ ታጥባ። ጠጥታ ከሕፃኑ ጋር በአንድ አልጋ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አደጋው የሕይወት ነው።

ትናንት ተመልሼ ሄጄ ይህንኑ ለልጅቱ ነገርኋት። እትዬም ነበሩ። በጥሞና አዳመጡኝና «እንግዲያው ጥፋቱ የገብሱ ሳይሆን የጌሾው ወገን ነው በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያም ነጠላቸውን አደግድገው አጥሚቱን ራሳቸው ሊያማስሉ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ልጅቱም ሕፃኑን አንሥታ ማጥባት ጀመረች።

እህቶቼ፤ አራስ ለመጠየቅ ስንሄድ ምክር ይዘን መሄዳችን መልካም ባህላችን ነው። ምክሩ ግን ለእናቲቱ ከማቀበላችን በፊት፣ እንደምንወስድላት እህል ሁሉ፣ ይበጠር።