እጃችሁን በምን ታጠባችሁ?

አዳማ ውስጥ የግቢ በርና መስኮት የሚሠራበት አንድ ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ላይ በምሳ ሰዓት ቁሙና እዩ። በር ሲቀባ ያረፈደው ልጅ ጨርቅ ላይ ቤንዚን ጠብ ያደርጋል፣ ጣቶቹን ያሻል፣ ቀለሙ እልም! ከጆግ ውሃ ቢጤ ያፈሱለትና ሽሮው ላይ ይቀመጣል። እኛም አብረን በልተናል። ጉርሻው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር (ልጁን ላለማስቀየም ሁለተኛውንም ጎረስን)።

ፈጣን መሆኑን አንክድም። ቤንዚንም ሆነ ቲነር ግን ቀለሙን ሲያሟሙ የቆዳችንንም ቅባት አብረው ነው የሚያሟሙት። የቀለም ቀቢ እጅ የሚነጣውና የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነው፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ የበለጠ ያስገባል። ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል ኬሚካል አለ፣ የስማቸው መመሳሰል አያደናግራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመደባቸው አንዱ ነው።

የድሮ በር ሲታደስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ብናኙም እጅ ላይ ይቀራል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን።

መላው ቤታችን ውስጥ አለ። የምግብ ዘይት! ውሃ ባልነካው እጅ ላይ አንድ ማንኪያ አፍስሶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማሸት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ። ደረቅ ካለ ስኳር ወይም ጨው ጨመር ይደረግበታል። የውሃ ቀለም ከሆነማ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል።

ይህንኑ ለልጁ ነገርነው። ሳቀብን። «ዘይት በዚህ ዋጋ?» እውነቱን ነው። ቢሆንም ፓስቲ የተጠበሰበት፣ የቀዘቀዘ ዘይትም ለዚህ ሥራ አያንስም። ጓንት ልበስ እንዳንለው የአዳማን ሙቀት እናውቀዋለን። ስሱ የሐኪም ቤት ጓንትም ቲነር ሲነካው ይበላሻል።

ወጪው ግን የእሱ መሆን የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ለአንድ በር የሚጠየቀውን ብር እናውቃለን። ከዚያ ላይ ግማሽ ሊትር ዘይትና አንድ ሳሙና ተገዝቶ ቧንቧው ሥር ይቀመጥ፤ የቤንዚኑ ጣሳም ከምሳው ቦታ ይነሳ።