ባሌን በአዳር እንቁጠረው

ባሌን ሁላችንም አይተነዋል፤ በስልክ። ሳነቴ ላይ ጋቢ የለበሰ ልጅ፣ ከኋላው ጉም፣ በጉሙ መሀል ጅብራ፣ ከላዩ የሰሞኑ ዘፈን። ሠላሳ ሰከንድ። ላይክ አድርገን እናልፋለን። ከመሀላችን አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ተከራይቶ ይሄድና ያንኑ ሠላሳ ሰከንድ ራሱ ቀርጾ ይመለሳል።

በዚህ ዓይነቱ ጉዞ ላይ አንድ አቤቱታ አለኝ። አቤቱታዬ ፎቶው ላይ አይደለም፤ ፎቶ እኔም አነሳለሁ። ሒሳቡ ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው መጥፎ አመል አለው፤ የሚያምር ቦታ ሲያይ "የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ዋጋ በብዛት የሚከፍለው እዚያው የሚኖረው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። ሮጠን ደርሰን ሮጠን የምንመለስ እኛ ለሱ የምንተውለት ነገር ከአቧራ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ባሌ ስንት ሰው ገባ ብሎ መቁጠር ይብቃ። ስንት ሌሊት አደረ እንበል።

እስቲ መጀመሪያ ምን እንዳለ እንይ። ብዙ ሰው "ባሌ ሄድኩ" ሲል ያየው ሳነቴን ብቻ ነው። ፓርኩ ግን 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከአዲስ አበባ ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ድረስ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በሻሸመኔም ሂዱ በአሰላ፣ ዶዶላ ላይ መንገዱ ይገናኛል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ሰሞን ሁላችንም ኮርተን ፖስት አድርገናል፤ ጥሩ አደረግን።

ዲንሾ ልትደርሱ ስትሉ መንገዱ በጋይሳይ ሜዳ በኩል ያልፋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ከመኪናው ሳትወርዱ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ግን ከመኪና ወርዳችሁ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ዛፍ መሀል አንድ ሁለት ሰዓት በእግር ብትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። አጋዘኑ፣ ከርከሮው፣ የምኒልክ ድኩላው ሰው ስለለመዱ ወዲያው አይበረግጉም። ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ እነሱም ቆመው ያዩአችኋል።

ከዲንሾ በእግር ወይም በፈረስ የሚኬድበት ደግሞ የዌብ ሸለቆ ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባለው ፏፏቴ እዚያ ነው ያለው። በዚያው አካባቢ አንድ የድንጋይ ጥላ አለ፤ ተመራማሪዎች ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ብርድ ውስጥ! የሚበሉት ደግሞ ፍልፈል ጠብሰው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እነሱ እንኳን አድረዋል።

ሳነቴ የሚወጣው በጎባ በኩል ነው። ከአፍሪካ ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፤ አብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል፤ ምናልባት ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰው ጫፉን ነክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ብርድ መታኝ ብሎ ይወርዳል። ሳነቴ ግን ለሚቆም ሰው የተሠራ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ግን ብቻውን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ ጉድጓድ ላይ ደቂቃዎች ሲጠብቅ ታዩታላችሁ። የሚጠብቀው ግዙፍ ፍልፈል ራሱ ከባሌ ሌላ የትም የለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ይሄን አያይም።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ አስታው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሪራ፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ የሐረና ጫካ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ወበቅ ነው። ሐረና ውስጥ ቡና ሳይተከል በራሱ ይበቅላል፤ ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ማር ይቆረጣል። ቀርከሃ የሚበላው የባሌ ጦጣም እዚህ ነው። ቁልቁል ከቀጠላችሁ ደሎ መና ትደርሳላችሁ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን በመኪና ማቋረጥ ይቻላል። ማየት ግን አይቻልም። ሦስት፣ አራት ቀን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ከባሌ ከፍታ የሚነሱት ወንዞች፣ ዌብ፣ ወልመል፣ ዱማል፣ ወደ ዋቤ ሸበሌና ወደ ገናሌ የሚገባው ውኃ ሁሉ፣ እስከ ሶማሌ ክልልና እስከ ሶማሊያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውና ከብት ያጠጣል። የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ የሚያልፈው ዌብ ራሱ የዚህ ተራራ ልጅ ነው። ተራራው ስፖንጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝናቡን ይመጥጥና በበጋ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ጫካው ከተመነጠረና ሣሩ ከተጋጠ ስፖንጁ ይደርቃል። ይሄን አገልግሎት ግን ማንም በብር አይከፍልበትም። እኛ ክፍል ውስጥ ኤክስተርናሊቲ ብለን የተማርነው ይሄንን ነው፦ ጥቅሙ የሚሄደው አንድ ቦታ፣ ወጪው የሚቀረው ሌላ ቦታ።

ወጪው የቀረበት ሰው ማነው? ፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ያለው ሰው ነው። ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ከብት በየወቅቱ ከቦታ ቦታ፣ ወደ ደጋው ሣርና ወደ ማዕድን ውኃው ይወሰዳል። ያ ሰው ዛሬ "እዚህ አታግጥ፣ እዚያ አትረስ፣ እንጨት አትቁረጥ" ሲባል ትእዛዙ የተፈጥሮ ጥበቃ ይባላል። ለሱ ግን የዓመት ገቢ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ወይፈን ነው። በሌላ በኩል የከብቱና የእርሻው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ አጋዘኑና ቀበሮው መሬት ያጣሉ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ግማሹን ነው የሚነግራችሁ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ትልቁ ጠላቱ ደግሞ አዳኝ አይደለም፤ ከከብት ጠባቂ ውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። ከዚያ በኋላም ወረርሽኙ ተመላልሷል። ስለዚህ ያ ገበሬ ውሻውን ለማስከተብ ፈቃደኛ መሆኑ ብቻ ለቀበሮው ሕይወት ነው። የሱ ፈቃደኝነት የማይተመን ሀብት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ቀላል ነው፦ ቀበሮው በሕይወት መቆየቱ ለዚህ ሰው ምን ያመጣለታል?

አንድ ብር ተከትላችሁ እዩ። አንድ የጓደኞች ቡድን መኪናውን ከአዲስ አበባ ተከራየ እንበል። ነዳጅ መንገድ ላይ ቀዳ፤ ውኃና ብስኩት ከሱፐርማርኬት ጭኖ ሄደ። ሮቤ አንድ ሌሊት አድሮ ሳነቴ ደርሶ ተመለሰ። ሮቤ ያለው ሆቴል ተጠቀመ፤ ይሁን፣ ደስ ይለናል። ሪራ ላይ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ ግን የገባ ነገር የለም።

ሌላው ቡድን ዲንሾ አደረ። አስጎብኚ ያዘ፣ ፈረስ ተከራየ፣ ለፈረሱ ባለቤት ከፈለ፣ ለምግብ አብሳዩ ከፈለ። ሁለተኛውን ሌሊት ድንኳን ውስጥ አሳለፈ። ሲወርድ ሐረና ላይ ማርና ቡና ገዛ። የሰዎቹ ቁጥር እኩል ነው፤ በሪፖርት ላይ ሁለቱም "አምስት ጎብኚ" ተብለው ይጻፋሉ። ለመንደሩ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፈረሱን ያከራየው ሰው ቀበሮው ቢጠፋ ሥራው እንደሚቀር ያውቃል። በስብሰባ ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

"ታዲያ ብር የት አለ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በዚህ ኑሮ ለብዙዎቻችን አንድ ጉዞ ማለት የወራት ቁጠባ ነው። ግን ብሩን የሚበላው በብዛት የመኪና ኪራዩና ነዳጁ ነው፤ አንድ ሌሊት መጨመር እሱን አይጨምረውም ማለት ይቻላል። በሕዝብ ማመላለሻ እስከ ዲንሾ ሄዶ ከዚያ በእግር መቀጠልም ይቻላል፤ መንገዱ በከተማው መሀል ነው የሚያልፈው። በዓመት ሦስት ቦታ ሮጦ ከመድረስ አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ማደር ለኪስም ለነፍስም ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

"ሰው ሲበዛ ፓርኩ አይበላሽም ወይ?" የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ይበላሻል፤ ጭንቅላት እየቆጠርን ከሄድን ይበላሻል። የጎብኚ ቁጥርን እንደ ስኬት የሚቆጥር ተቋም መንገዱን ያሰፋል፣ መኪናውን ያበዛል። ሳነቴ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎች አሉ፤ ከ500 ላይ አንድ ሲቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ማባዛት የማይችል የለም። አዳርን የሚቆጥር ተቋም ግን ሌላ ነገር ይሠራል። የድንኳን ቦታውን ያጸዳል፣ መጸዳጃ ይሠራል፣ አስጎብኚ ያሠለጥናል፣ ፈረስና አስጎብኚ በስልክ ተይዞ በቴሌብር የሚከፈልበትን መንገድ ያመቻቻል። ጥቂት ሰው፣ ብዙ ሌሊት። ይሄ ነው የሚያዋጣው ቁጥር።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ለእኛ።

ለሚመለከታቸው አካላት፦ ዓመታዊ ሪፖርት ስታወጡ "ይህን ያህል ሺህ ሰው ጎበኘ" ከሚለው ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨምሩልን። ስንት አዳር ታደረ? ከገባው ገንዘብ ስንቱ ፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ላሉት ቀበሌዎች ደረሰ? የሚለካ ነገር ይሻሻላል። የማይለካ ነገር መፈክር ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቁ ወቅት ለእግር ጉዞ ይመቻል። ሌሊቱ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጋቢው ለፎቶ ሳይሆን ለእውነት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን 4,000 ሜትር ላይ አትሩጡ፤ ከፍታው ራስ ያዞራል፣ ዲንሾ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ዲንሾ ካሉ አስጎብኚዎች ጠይቁ። ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ለእንስሳ ምግብ አትስጡ፣ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ማርና ቡናውን ግዙ፣ ሰውየው በጠራው ዋጋ ላይም እንደ መርካቶ አትከራከሩ።

ዩኔስኮ ስሙን መዝግቦልናል፤ ቀበሮውን ግን አይጠብቅልንም። የሚጠብቀው ብርዱ ላይ ከብቱን ይዞ የቆመው ሰው ነው። እሱ ደግሞ እንደማናችንም ቤተሰብ የሚያበላ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሒሳቡ እንዲወጣለት ማድረግ የእኛም ድርሻ ነው፤ ድርሻችንም በብዛት አንድ ሌሊት መጨመር ብቻ ነው።