ወደ ጅቡቲ ከመውረዳችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዚህ አምድ አንባቢ ደውለውልኝ ነበር። ልጃቸው ጅቡቲ ወደብ አካባቢ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። «ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጆቼን ሰብስቤ ልወርድ ነው፤ ባሕር ሳላይ ልሙት እንዴ? ምን ምን ልያዝ?» አሉኝ። እኔም ሳላቅማማ «እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ከመያዝዎ በፊት ሐምሌን ይተዉት» አልኳቸው። ቅር አላቸው መሰለኝ፣ ስልኩን ቶሎ ዘጉት። ያኔ ያልጨረስኩትን ዛሬ ልጨርስላቸው። በዚህ ክረምት ልጆች ይዞ ለመውረድ ያሰበ ሌላም ቤተሰብ አይጠፋም።

እኛ ጋቢ የምንደርብበት ሐምሌና ነሐሴ ጅቡቲ ላይ የእሳት ወቅት ነው። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከምድረ በዳው የሚነሣው፣ እነሱ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ፊትን እንደ ምጣድ ወላፈን ይገርፋል። ሌሊቱም አያሳርፍም፤ ከ30 ዲግሪ ብዙ አይወርድም። አቅም ያላቸው የጅቡቲ ሰዎች ራሳቸው በዚያ ወቅት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ድሬዳዋና ወደ ደጋው ይመጣሉ። ባለቤቱ ሸሽቶ በሚወጣበት ወር እንግዳ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ግን ሌላ አገር ነው። ቀኑ 28 እና 29 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ምሽት ላይ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፣ ሽማግሌም ሕፃንም ወጥቶ ይቀመጣል። ለተማሪዎች የገና ሰሞን ወይም የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ይሻላል።

ይህን በራሴ ቤተሰብ አይቼዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር ጅቡቲ ወርደን ነበር። ልጇ እዚያ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ አራስ ጥየቃ ደግሞ ወር አያስመርጥም። ቅቤው፣ የገንፎ እህሉ፣ በርበሬው፣ አብሽው ተጭኖ በባቡር ሄድን። እህቴ የደም ግፊት አለባት። ከምትወስዳቸው ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው ይወስደዋል። ባቡሩ ውስጥ መጸዳጃ ቤት መኖሩን ባሳያትም «እኔ በሚሄድ ነገር ላይ አልቀመጥም» ብላ ቀኑን ሙሉ ውኃ አልቀመሰችም። እኔም ሳቅኩባት እንጂ አልተቆጣኋትም።

እዚያ እንደደረስን ያ ሙቀት ተቀበለን። በማግስቱ ምግብ አልበላት አለ፤ ራሷንም አመማት። «ከመንገዱ ድካም ነው» አልን። መድኃኒቷን ግን በሰዓቱ ትውጥ ነበር፤ በዚህ እኔው ነበርኩ የማመሰግናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕፃኑን ታቅፋ ከምንጣፍ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ሕፃኑን እኔ ተቀበልኩ፣ እሷን ግድግዳው ያዘልኝ። አስተኝቼ ስለካት ግፊቷ 88 በ56 ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ከ150 የማትወርድ ሴት ናት። «መቼ ነው የሸናሽው?» ብላት «ትናንት ማታ» አለችኝ። ቀለሙስ ስላት «እንደ ሻይ»።

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አልጋ ላይ ያገኘሁትን ሕመምተኛ ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ ለገዛ እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ አልጠየቅኋትም። ገንፎ ሳገነፋ፣ ለጎረቤት ቡና ሳፈላ፣ ስለ ሕፃኑ መልክ ስንከራከር ነበርኩ። እግሯን በትራስ ከፍ አድርጌ፣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጬ፣ በትንሽ በትንሹ እያጠጣኋት ወደ ሕክምና ወሰድናት። ሐኪሙ ግሉኮስ ከሰጣት በኋላ የሚያሸናውን መድኃኒት ለጥቂት ቀናት አቆመው። በሁለተኛው ቀን ተነሣች። ብዙዎች እንዲህ በቀላሉ አይነሡም።

ስለዚህ የግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመነሣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «ቆላ ልወርድ ነው፤ መጠኑ ይቀየርልኝ ወይ? በቀን ምን ያህል ውኃ ልጠጣ?» ብሎ ይጠይቅ። በራሳችሁ ፈቃድ መድኃኒት እንዳታቆሙ፤ ያ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውኃ ያለ ልክ መጠጣት ስለሌለበት ልኩን ሐኪሙ ይንገረው። ሌሎቻችን ግን ጥማትን መጠበቅ የለብንም፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል። ሽንታችሁን እዩ። እንደ ገለባ የነጣ ቢጫ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ ከጠቆረ ቶሎ ጠጡ። ማፈር አያስፈልግም፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሽንት ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ መድኃኒቱን በቀዝቃዛ መያዣ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት፤ በረዶው በቀጥታ አይንካው፣ ከቀዘቀዘና ከረጋ ተበላሽቷል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ገንቦ ይረዳል። በሙቀት ጊዜ ኢንሱሊን ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ወርዶ በማግስቱ ገበያ ለገበያ መዞር አይገባም። አብሯችሁ ያለ ሰው ቃሉ ከተምታታ፣ ቆዳው እንደ እሳት ከጋለ፣ «ይተኛ፣ ይለፈው» አትበሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ገላውን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡለት፤ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በተለይ፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ቤት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም፣ ጠበልም ቢሆን።

ሁለተኛው የምፈራው ነገር ትንኝ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወባን አያውቃትም፤ ሰውነቱም አልለመዳትም። ጅቡቲ በፈረንጆቹ 2012 የተመዘገበባት ወባ 27 ሕመምተኛ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ ተገኘች፤ በ2020 የሕመምተኛው ቁጥር ከ70 ሺህ አለፈ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በከተማ መካከል፣ ውኃ በተጠራቀመበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትፈለፈላለች። ወደ እኛም ተሻግራለች፤ ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ያስነሣችው እሷ ናት። የምታርፉበት ቤት ሰው «እዚህ ከተማ ነው፣ ወባ የለም» ቢላችሁ አትስሙት። አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፣ ከባድ አይደለም። ማታ እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ጥጥ ልበሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ተቀቡ። ቀን ቀን ደግሞ ዴንጊ የምታመጣው ሌላ ትንኝ አለች። እርጉዝ ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከመሄዳቸው በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳምንትም ይሁን ሁለት ወር ቢያልፍ፣ የምትሄዱበት ጤና ጣቢያ «ጅቡቲ ነበርኩ» ብላችሁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ሲታይ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ጉንፋን ነው የሚታሰበው፤ ደም ሳይታይ ቀናት ይባክናሉ። ሠራተኛው እንዲያስብ እናንተ አስታውሱት።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አድርጎ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚሄድበት ቀን ስለሚቀያየር አስቀድማችሁ ጣቢያው ድረስ ጠይቁ። ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልጋል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታችሁ በመተላለፊያው ተመላለሱ፤ ረዥም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። ስንቃችሁ ደረቅ ይሁን፤ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ብርቱካን። አሳና ዶሮ ወጥ በዚያ ሙቀት ስንቅ አይሆንም፤ ይህንንም ከልምድ ነው የምለው፣ ዝርዝሩን ግን አልጽፈውም።

ባሕሩ ዘንድ ስትደርሱ ልጆቹ ልብሳቸውን እየጣሉ ይሮጣሉ። ደስ ይበላቸው፤ የጨው ውኃ ስለሆነ እንደ አንዳንድ ሐይቆቻችን ቢልሃርዚያ አያሰጋም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ጠዋት ልጁ የቆመበት ቦታ ከሰዓት በኋላ አንገቱ ሊደርስ ይችላል። «ላንጋኖ ዋኝቻለሁ» ማለት እዚህ አይሠራም። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት ከልጆቹ ጋር ውኃው ውስጥ ይቁም። ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ የምትሄዱ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የተንሳፋፊ ጃኬት ካልተሰጣችሁ አትሳፈሩ።

ውኃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። ድንጋዩ ይቆርጣል፤ እንደ ጃርት እሾኽ የለበሰ ትንሽ የባሕር ፍጥረትም አለ። እሾኹ ከወጋችሁ የሚታየውን ነቅላችሁ እግራችሁን እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆዩት። ጄሊፊሽ ከለበለባችሁ በዚያው በባሕሩ ውኃ እጠቡት፣ በአሸዋ አትሹት፤ ሽንት ይደረግበት የሚባለውንም ተዉት። አሳል ሐይቅን ለማየት የምትሄዱ ደግሞ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ወዳለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ወደሆነ ቦታ ነው የምትወርዱት። ውኃው ከባሕር አሥር እጥፍ ይጨውላል። ቁስል ያለበት ሰው ቢቀር ይሻለዋል፣ ዓይን ውስጥ የገባበት ደግሞ የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ በጠርሙስ ይዞ ይሂድ። ሄደን ነበር፤ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል፣ መነጽር አትርሱ።

ከተማው ከእኛው ጋር የተሳሰረ ነው። ከምትጠጡት ውኃ አንዱ ክፍል ከሶማሌ ክልላችን ከሐደጋላ በቧንቧ የሚሄድ ነው፤ አትክልቱም ጫቱም ከእኛ ነው። አማርኛ የሚሰማ ሰው በየሱቁ አይጠፋም። ሆኖም ሁሉ ነገር ውድ ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ነው፤ ይህ ምንዛሪ ለብዙ ዓመታት አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ከእኛ ብር ጋር ያለውን ሒሳብ እናንተው በየጊዜው ሥሩ። ሥራ በጠዋት ይጀመራል፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል። እናንተም ተኙ። ዓርብ የእረፍት ቀናቸው ነው። ወደብና የጦር ሰፈር ፎቶ አታንሡ፤ የጦር ሰፈሩ ደግሞ የብዙ አገር ነው።

ሰዓት ሲነግሯችሁ እንደ ፈረንጅ እንደሚቆጥሩ አትርሱ። እኛ ለእህቴ የክትትል ቀጠሮ «ስምንት ሰዓት» ሲሉን ከምሳ በኋላ ታጥበን ታጥነን ስንሄድ ክሊኒኩ ተዘግቶ አገኘነው። ቀጠሮው በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ኖሯል።

እህቴ ዘንድሮ ጥር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ወርዳ ነበር፤ ያ ሕፃን አድጎ ባሕር ውስጥ እጇን ይዞ አስገብቷታል። የሚያሸናው መድኃኒት ከመሄዷ በፊት ተስተካክሎላታል፤ ኦአርኤስም አሥር ከረጢት ይዛለች። ናጋድ እንደደረሰች ደውላ መጀመሪያ የነገረችኝ ባቡሩ ላይ ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እንደሄደች ነው። አራት ጊዜ።