ከመርከብ እስከ ምድጃ

ሰው ለተቸገረ ዘመዱ እህል ሲልክ በሌላ ሰው እጅ መላኩ የቆየ ልማድ ነው። እህሉ በደህና መድረሱ የሚታወቀው ግን ላኪው ስንት እንደ ሰፈረ፥ ተቀባዩም ስንት እንደ ተረከበ ሲተያዩ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ላኪዎቹ ብዙዎች፥ መንገዱም ባሕርና በረሃ መሆኑ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ ከዩክሬን 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ጅቡቲ ወደብ ደረሰች። በዚያ ዓመት የዩክሬን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከዚያች አገር ወደ አፍሪካ ቀንድ የላካት የመጀመሪያዋ መርከብ ነበረች፤ ስንዴውም በድርቅ ለተጎዱ ኢትዮጵያውያን የታሰበ ነበር። ፕሮግራሙ ይህ እህል 1.5 ሚሊዮን ሰው ለአንድ ወር እንደሚመግብ ገልጾ ነበር። እስቲ እኛም እንደ ቤት እመቤት እናስላው። ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ ግድም ይደርሳል፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ ማለት ነው። እህሉ በ50 ኪሎ ጆንያ ቢሞላ 460,000 ጆንያ ይወጣዋል። ከዚህ ሁሉ አንድ ጆንያ ቢጎድል በመዝገብ ላይ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ለዚያ ቤተ ሰብ ግን 20 ቀን ምድጃው አልነደደም ማለት ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ባለሥልጣኖች አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። «ቁጥጥር» የምንለው ቃል «ቈጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ የተቆጣጣሪ ተቀዳሚ ሥራው መቁጠር ነው እንጂ መቆጣት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያደባልቁ ሹማምንት ባይታጡም።

ወደብ ላይ መቁጠር ቀላል ነው፤ ሚዛንም ሰነድም አለ። ችግሩ የሚጀምረው የጭነት መኪናው በጋላፊ በኩል ድንበር ተሻግሮ፥ እህሉ ከመጋዘን ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘንም ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲተላለፍ ነው። በየርክክቡ ይፈረማል፤ ነገር ግን ፊርማው የጆንያውን ቁጥር እንጂ እህሉን የበላውን ሰው አይነግረንም።

ይህም በ2015 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ለችግረኞች የተላከው እህል በስፋትና በተቀናጀ አኳኋን ወደ ሌላ እንደ ዞረ ገልጾ፥ በሰኔ ወር መጀመሪያ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታውን አቆመ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም እንደዚሁ አደረገ። እርዳታው ደረጃ በደረጃ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሲሆን፥ ተረጂዎች በዲጂታል እንዲመዘገቡ፥ በጆንያውም ላይ ምልክት እንዲደረግ ተወሰነ። መልካም ነው። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የሰረቀው ሳይራብ ያልሰረቀው ተራበ፤ ይህን ፍርድ እኛ ትክክል ነው ለማለት አንደፍርም።

ለጋሾች ሲበዙ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ይዞ ሲመጣ አንዱ መንደር ሁለት ጊዜ ሲቀበል ሌላው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ኋላ ኢጋድ የተባለውን ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ስድስት አገሮች ድርቅን በኅብረት ለመቋቋም መሥርተው መቀመጫውን በጅቡቲ ያደረጉት፥ ከ2003ቱም ድርቅ በኋላ የልዩ ልዩ ለጋሾችን ሥራ በአንድ ዕቅድ እንዲያገናኝ የተደረገው ስለዚህ ነው።

የውጭ ተቆጣጣሪ ግን እንግዳ ነው፤ አንድ ቀን ይሄዳል። ያ እርዳታውን ያቆመው የአሜሪካ ድርጅት ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተዘግቶ ቀሪ ሥራው ወደ አገሩ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ኢትዮጵያ የራሷን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ማቋቋሟን ስናስብ፥ መዝገቡ በተቀባዩ አገር ቤት መቀመጥ እንዳለበት አዲስ ትምህርት አያስፈልገንም።

እኛ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ በመንደሩ ዛፍ ሥር በይፋ ይነበብ። 75 ኪሎ የሚደርሳት እናት 75 መሆኑን አስቀድማ ትወቅ፤ 60 ቢሰፈርላትም ወዴት ሄዳ እንደምትጠይቅ ይነገራት።