ሳይታይ የሚሸጥ ካርድ

በስልክ ኳስ የሚጫወት የደሴ ወጣት ሲሸነፍ ከጓደኞቹ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ኮይን ሙላና ፓክ ክፈት።» ጨዋታው ኢፉትቦል ይሁን ኤፍሲ ሞባይል፣ ልጁ የሚኖረው ሸዋ በር ይሁን ገራዶ፣ ምክሩ አይለወጥም። ቡድኑ የተጫዋቾች ካርድ ስብስብ ነው፤ ጠንካራው ካርድ የሚወጣው ፓክ በሚባል ዕጣ ነው፤ ዕጣው በኮይን፣ ኮይኑ በብር ይገዛል። ይህን የጨዋታው ሕግ አድርገን ተቀብለነዋል። እኔ ግን ቁማር ነው እላለሁ፤ ያውም ቁማር ቤት ሊሸከመው የሚገባውን ግዴታ ያልተሸከመ ቁማር።

ከገራዶ የመጣ አትክልት ደሴ ገበያ ሲራገፍ ገዢው እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ ከሥር ያለውን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። አትክልቱን ያመረተው ገበሬ ልጅ ግን ስልኩን አውጥቶ፣ ምን እንደሚደርሰው ለማያውቀው ነገር ይከፍላል። በዓለም አቀፍ ገበያ የሚሠራ የባንክ ካርድ ስለሌለው ኮይኑን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቴሌግራም ላይ ከሚነግዱ ሰዎች ነው። ብሩን በቴሌብር ይልካል፤ አንዳንዱ ሻጭ የአካውንቱን የይለፍ ቃል ጭምር ይጠይቀዋል። ደረሰኝ የለም፤ ቢካድ የሚከስበት ቦታም አይታወቅም። የኮይን ዋጋ መነሻው ዶላር በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ብር ሲወርድ ዕጣውም ተወደደ። ጥሩ ካርድ የማግኘት ዕድሉ ግን በዚያው ቀረ።

ይህን ዕድል ማንም ተቀምጦ ሲያሰላ አላይም። የሚፈለገው ካርድ ከመቶ አንድ ዕድል አለው እንበል። አሥር ጊዜ ዕጣ ካወጡ መቶ ልጆች ዘጠና ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሁሉም መቶ መቶ ጊዜ ቢያወጡ እንኳ ሠላሳ ሰባት ያህሉ ያንን ካርድ አያዩትም። «ይህን ያህል ከከፈልኩ አሁን ቀርቦኛል» የሚለው ስሜት ሐሰት ነው፤ እያንዳንዱ ዕጣ ለብቻው በሚቆምበት ጨዋታ ያለፈው ኪሳራ ለሚቀጥለው ሙከራ ምንም አይጨምርለትም። አንዳንዱ ጨዋታ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ካርዱን በዋስትና ይሰጣል፤ ተጫዋቾችም ይህን እንደ ደግነት ሲያወድሱት እሰማለሁ። ዋስትናው የሚነግረን ግን ካርዱ ሊያስከፍል የሚችለውን ሙሉ ዋጋ ነው፦ የእነዚያ ሙከራዎች ሁሉ ድምር። ያ ድምር በግልጽ ተጽፎ ቢቀርብ ስንቱ ተማሪ ይገዛ ነበር?

ፓኩ ሲከፈት የሚታየውም የታሰበበት ነው። በኤፍሲ ጨዋታዎች መጀመሪያ የተጫዋቹ አገር ባንዲራ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሚሰለፍበት ቦታ፣ ቀጥሎ ክለቡ። የብራዚል ባንዲራ ሲያይ የልጁ ልብ ይመታል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ግን የማይፈልገው ተከላካይ ነው። ያ «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚል ስሜት ነው ሁለተኛውን ፓክ የሚያስገዛው።

ዕድልማ በጨዋታ ሁሉ አለ ይሉኛል። እውነት ነው። ወጣቶች ተሰብስበው ካርታ ሲጫወቱም ዕድል አለ፤ ጆከር ለአንዱ ይደርሳል፣ ለሌላው አይደርስም። ግን ካርታው በሁሉም ፊት ይበወዛል፣ ሁሉም ከዚያው ካርታ ይሳባል፣ ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጦ ጆከር የሚሸጥ ሰውም የለም። ቢኖር ማን አብሮት ይጫወት ነበር? ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ የእንቁጣጣሽን ዕጣ የሚያወጣው በሕዝብ ፊት ነው። በስልኩ ጨዋታ ዕጣውን የሚያወጣው፣ ዕድሉን የሚወስነውና ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ኩባንያ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን መቆጣጠር ከጀመረ ቆይቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የተወሰኑ ካርዶችን በዕጣ አሟልቶ ትልቅ ሽልማት መውሰድ የሚባለውን ስልት ከለከለች። ቻይና በ2017 ኩባንያዎች ዕድሉን በቁጥር እንዲያሳውቁ አስገደደች። ቤልጂየም በ2018 ቁማር ነው ብላ ወሰነች፤ ያኔ ፊፋ ይባል የነበረው የኤፍሲ ጨዋታ ባለቤት ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን ነጥብ መሸጡን አቆመ። በእርግጥ የኔዘርላንድ የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ለኢኤ ፈርዷል፤ ፓኩ ራሱን የቻለ የቁማር ጨዋታ ሳይሆን የሰፊው የኳስ ጨዋታ ክፍል ነው በሚል። ይህ ሙግት አያሳምነኝም። ቁማሩን ልጆች የሚወዱት ጨዋታ ሆድ ውስጥ መክተት አደጋውን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም።

«የገዛሁት የራሴ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በኢኤ የኮንሶል ጨዋታ አልቲሜት ቲም በሚባለው ክፍል የተገነባ ቡድን በየዓመቱ ወደሚወጣው አዲስ ጨዋታ አይሻገርም። ሃርትስቶን በሚባለው የካርድ ጨዋታም በየዓመቱ የቆዩ ካርዶች ከዋናው ውድድር ይወጣሉ። ጠንካራ የተባለው ካርድ እንዲያረጅ ተደርጎ ነው የሚሸጠው፤ ካላረጀማ የሚቀጥለውን ማን ይገዛል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሽንፈቱን የምንረዳበት መንገድ መለወጡ ነው። ኳስ አያያዙ የላቀ ልጅ በተገዛ ካርድ ሲሸነፍ «ቡድንህ ደካማ ነው» ይባላል፤ እሱም ያምናል፤ ከትምህርት ቤት ምሳው ቀንሶ ይከፍላል። ቢያሸንፍ ደግሞ የተሸነፈው ጓደኛው በተራው ይከፍላል። የሚሸጠው ካርድ ነው ቢባልም ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ሽንፈት ነው።

ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ የመግቢያ ብር ተቀብላችሁ የስልክ ኳስ ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞች፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በተገዛ ቡድን መወዳደር ስትፈቅዱ የኩባንያውን ሽያጭ በነፃ እየሠራችሁለት ነው። ሁሉም እኩል አቅም ባለው ቡድን የሚገባበትን ውድድር አዘጋጁ። በፕሌይስቴሽን ቤት ይህ የኖረ ልማድ ነው፤ አንዱ ባርሳን፣ ሌላው ማድሪድን ይመርጣል፣ ለባርሳ ተብሎ ማንም ተጨማሪ አይከፍልም፣ የተሸነፈም ቦታውን ለቅቆ ይነሳል።