መብራትና ዕቃችን፦ ሳይቃጠል በቅጠል

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ እዚህ ካኩማ ከግል ጄኔሬተር መስመር ስቦ የሚጠቀመውን ቤተሰብ ሁሉ ይመለከታል። አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ማታ መብራቱ ድንገት ቦግ አለ። ቴሌቪዥናችንና የልጄ የስልክ ቻርጀር ተቃጠሉ። ጎረቤቶቻችን ፍሪጅ አላቸው፤ የነሱ አምፖል ግን በዚያው ሰዓት ደብዝዞ ነበር እንጂ ምንም አልሆኑም። የጄኔሬተሩ ባለቤት ማሽኔ ደህና ነው ይላል። ታዲያ የኛ ለምን ተቃጠለ?»

እናታችን ሳያውቁት ትልቁን ፍንጭ ነግረውናል። የአንዱ ቤት አምፖል ሲቦግ የሌላው መደብዘዙ ነው ፍንጩ።

በኬንያ ለቤት የሚመጣው 240 ቮልት ነው። ትላልቅ ጄኔሬተሮች ሦስት ፌዝ አላቸው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል ይደርሰዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው 240 ነው። በሁለት ፌዞች መካከል ግን 415 ቮልት አለ። ኒውትራል ማለት የሁላችንም መመለሻ መንገድ ነው። እንጨቱ ላይ በእጅ ተጠምዝዞ የታሰረው የኒውትራል መገጣጠሚያ ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች ያን 415 ቮልት ለሁለት ይካፈሉታል። አካፋፈሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ትንሽ ዕቃ የከፈተው ቤት ነው ብዙውን የሚወስደው። ለምሳሌ አንዱ ቤት 100 ዋት፣ ሌላው 300 ዋት ቢጠቀሙ፣ መቶው ቤት ወደ 311 ቮልት ሲደርሰው ሦስት መቶው ቤት 104 ገደማ ብቻ ያገኛል። ባለ ቴሌቪዥኗ በ311 ተቃጠለባቸው፤ ባለ ፍሪጆቹ ደግሞ ዕድለኞች ናቸው እንጂ ያ የወረደ ቮልቴጅም ቢቆይ ፍሪጅ ያቃጥላል። ስለዚህ «ማሽኔ ደህና ነው» የሚለው ሰው ምናልባት ውሸቱን አይደለም። ነገር ግን መስመሩም የሱ ነውና መፈተሽ ያለበት እሱ ነው።

ይህን ምልክት ልጆች ሁሉ ይወቁት። መብራቱ ከወትሮው በላይ ከቦገ፣ ወይም እናንተ ዘንድ ሲደምቅ ጎረቤት ሲደበዝዝ ካያችሁ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው አጥፉ፣ ስፒናውን ሁሉ ንቀሉ፣ ጎረቤትንም ጥሩ። ሽቦውን ራሳችሁ ለማጥበቅ እንጨት ላይ አትውጡ። የተበጠሰ ኒውትራል ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ችግር የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። የብየዳ ማሽን ሲጀምር፣ ወይም ፍሪዘር ሲነሳ፣ ለአፍታ ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ጉልበት ይስባል። ጄኔሬተር ደግሞ እንደ ከተማ መብራት ብርቱ አይደለምና ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከባዱ ዕቃ በአንዴ ሲጠፋ ደግሞ ዘለል ይላል። ጄኔሬተሩ ሲነሳና ነዳጅ ሊያልቅበት ሲል ሞተሩ ይንገዳገዳል። ስለዚህ መብራት በሚመጣበትና በሚጠፋበት ሰዓት ቴሌቪዥንና ፍሪዘር ከሶኬት ተነቅለው ይጠብቁ። ፍሪዘር ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ በውስጡ ያለው ግፊት ገና አልበረደምና ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያጓራ ራሱን ያቃጥላል። አምስት ደቂቃ ታገሱት። ለስላሳና ውኃ አቀዝቅዞ ለሚሸጥ ሰው ይህ አምስት ደቂቃ የቤቱ እንጀራ ነው።

የሽቦ ቅጥነትና ርዝመትም ጣጣ አለው። በ1.5 ሽቦ 100 ሜትር ርቀት ተጉዞ የመጣ መስመር ላይ 10 አምፔር ብትስቡ፣ ወደ 24 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቤታችሁ ከጄኔሬተሩ ከራቀ ወፍራም ሽቦ ማስገባት ስታቢላይዘር ከመግዛት ይቀድማል።

ሦስተኛው እኛ «ኮንታክት» የምንለው ነው፤ ፌዝና ኒውትራል ሲነካኩ ማለት ነው። ያኔ ጉልበቱ በብዙ እጥፍ ይጨምርና ሽቦው ይግላል። በላስቲክና በእንጨት በተሠራ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ደግሞ አንዱ ቤት ኮንታክት ሲፈጠር የጎረቤቶች ሁሉ ቮልቴጅ አብሮ ይወድቃል፤ ሲቆረጥም ይዘላል። ስለዚህ ሁሉም ቤት የራሱ ብሬከር ይኑረው። ያኔ ጥፋት ያለበት ቤት ብቻ ይጠፋል፣ ሰፈሩ ይተርፋል።

ብሬከሩ ትልቅ ቢሆን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ብሬከር የሚለካው በሽቦው ልክ ነው፦ ለ1.5 ሽቦ 10 ወይም ቢበዛ 16 አምፔር፣ ለ2.5 ሽቦ 20። ትንሽ ጄኔሬተር ኮንታክት ሲገጥመው ብዙ ጉልበት ማውጣት ስለማይችል፣ ትልቅ ብሬከር ሳይቆርጥ ሽቦው እየጋለ ሊቆይ ይችላል። የኬንያ ባለ ሦስት እግር ስፒና ውስጥ ያለችው ፊውዝም እንዲሁ ናት፦ እስከ 700 ዋት ላለው ዕቃ 3 አምፔር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 13። ተቃጠለች ብሎ የሲጋራ ብር ወረቀት ወይም የሽቦ ቁራጭ መተካት ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

አሁን ወደ መከላከያው እንምጣ። ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ በቅደም ተከተል፦

1ኛ፦ በገበያ «ፍሪጅ ጋርድ» የሚባለው። ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ይቆርጣል፣ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይመልሳል። ለፍሪዘርም ለቴሌቪዥንም መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው። ፊውዝ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

2ኛ፦ ስታቢላይዘር። ቮልቴጅ ሁልጊዜ ለሚወርድበት ቤት ይጠቅማል። ሲገዛ የፍሪዘሩን መነሻ ጉልበት የሚችል ይሁን።

3ኛ፦ ዩፒኤስ። በኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ለሚሠሩ ነው። ላፕቶፕ ግን ባትሪው ደህና ከሆነ አያስፈልገውም። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ተብሎ ከተጻፈ መውረዱን ይችላል፤ 311ን ግን አይችልም።

ቀይ መብራት ያለው ዲቫይደር መከላከያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። መከላከያ ያለውም ቢሆን የአንድ አፍታ ምት እንጂ ለደቂቃዎች የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይመልስም።

በመጨረሻም፣ በየወሩ የምንከፍለው ለአምፖል ብቻ አይደለም፤ ለደህና መስመርም ነው። የአንድ መስመር ተጠቃሚዎች ተሰብሰቡና ባለ ጄኔሬተሩን አራት ነገር ጠይቁት፦ ኒውትራሉ በእጅ ሳይጠመዘዝ በደህና ማያያዣ ይጥበቅ፣ መሬት መስመር ይቀበር፣ ለየቤቱ ብሬከር ይግባ፣ ማሽኑ ከተረጋጋ በኋላ መስመሩ ይለቀቅ። በአክብሮት ጠይቁት፤ ግን አብራችሁ ጠይቁት። አንድ ሰው ሲጠይቅ ቅሬታ ይባላል፣ ሃያ ቤት ሲጠይቅ ግን መስመሩን ያያል። ማሽኑም የሱ ሀብት ነውና ኮንታክት እሱንም ይጎዳዋል።

ዕቃችንን ስንት ዓመት ቆጥበን፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ልኮልን ነው የገዛነው። ማንም አይተካልንም። እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።