ከማሽኑ ጎን የተጻፈው ዋት ሁሉን አይናገርም

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ባቱን (ዝዋይን) አለፍ እንዳለ ቡልቡላን ያገኛል። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው ወንዝ የዝዋይን ሐይቅ ትርፍ ውኃ ወደ አቢጃታ ያወርዳል፤ ላንጋኖና የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክም ከዚያ ሩቅ አይደሉም። በዚህ አካባቢ መብራት ሲጠፋ ባለሱቆች ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮችን ያስነሣሉ፤ በሐይቆቹ ዳርቻ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ የመስክ ትምህርት ተማሪዎችም ይህንኑ ማሽን ይዘው ይወጣሉ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ መስመር በተቋረጠበትና መስመር ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ የጄኔሬተር አስፈላጊነት አልቀረም።

እንደሚታወቀው ጄኔሬተር ስንገዛ የዕቃዎቻችንን ዋት ደምረን ከዚያ በለጥ ያለውን እንመርጣለን። ለአብነት 150 ዋት የሚፈጅ ፍሪጅ፣ 70 ዋት የሚፈጅ ቴሌቪዥንና በድምሩ 30 ዋት የሚፈጁ አምፖሎች ያሉት ባለሱቅ 250 ዋት ያገኛል፤ ባለ 1,000 ዋት ጄኔሬተር ከበቂ በላይ መስሎ ይታየዋል። ሆኖም ፍሪጁ ሊነሣ ሲል ማሽኑ አጓርቶ ሊጠፋ፣ ሲብስም የፍሪጁ ሞተር ሊቃጠል ይችላል። ስሕተቱ ከድምሩ አይደለም፤ ሳይቆጠር ከቀረው የመነሻ ቅጽበት ነው።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘውን የኤሌክትሮማግኔት ሕግ እናስታውስ። የሚሽከረከር ሞተር ራሱ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የሚገባበትን ቮልቴጅ የሚቃወም ሌላ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ በዚህም የሚስበው ጅረት የተወሰነ ይሆናል። የቆመ ሞተር ግን ይህ ተቃውሞ የለውም። በመሆኑም በተነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚደርስ ጅረት ይስባል። በሥራ ላይ 1 አምፔር ገደማ የሚወስደው ፍሪጃችን በ220 ቮልት ሲነሣ 6 አምፔር ቢጠይቅ፣ ብዜቱ 1,320 ቮልት-አምፔር ይሆናል። ጄኔሬተሩ ይህን መሸከም ካቃተው ቮልቴጁ ይወርዳል። የሞተሩ የመሽከርከር ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁ በ30 በመቶ ሲቀንስ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያልተነሣው ሞተር ከፍተኛውን ጅረት መሳቡን አያቆምም፤ ጠመዝማዛ ሽቦውም ይግላል።

በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው ከፍታ ይጨመርበታል። ቆላማ ብንለውም ቡልቡላ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። የትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች ኃይል አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ጠለል 1,000 ዋት የተባለው ማሽን እዚያ ከ810 ዋት ብዙም አይበልጥም።

«ታዲያ ትልቁን መግዛት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ትልቅ ጄኔሬተር ለጥቂት አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቤንዚን በከንቱ ይፈጃል፤ ለቅጽበት ፍላጎት የዕለት ተዕለት ዋጋ መክፈል ነው። ከዚህ ይልቅ ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይቀላል። አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ትልቁን ሞተር ብቻውን ማስነሣትና ሲረጋጋ ሌሎቹን ማስከተል፤ ሁለት ሞተሮችን በአንድ ጊዜ አለማስነሣት። ሁለተኛ፣ ፍሪጅ ከጠፋ በኋላ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል አምስት ደቂቃ ያህል መታገሥ። ሦስተኛ፣ ቮልቴጅ በመንገድ እንዳይባክን አጭርና ወፍራም ገመድ መጠቀም። ይሁንና ገመድ ለማሳጠር ሲባል ጄኔሬተሩን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ድንኳን ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነውና።

ከላይ ከተጠቀሰው አብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት መሠረቱ የተጣለ ነው። ተማሪው የፋራዴይን ሕግ ጽፎ ፈተና ያልፋል፤ በአባቱ ሱቅ ያለው ፍሪጅ ለምን እንደተቃጠለ ግን ማንም አልጠየቀውም። በእኔ እምነት ጉዳቱ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ከዚህ ክፍተት የሚመነጭ ነው። መምህራን የዕቃዎችን መለያ ጽሑፍ ወደ ክፍል ይዘው ይግቡ፤ ሻጮችም ጄኔሬተሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውንና ለቅጽበት የሚችለውን ኃይል ለይተው ለገዢው ይንገሩ።

ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ከፍሪጁና ከጄኔሬተሩ ጀርባ የተለጠፈውን አንብቡ፤ የመነሻውን ጅረት አስሉ፤ የምትኖሩበትን ከፍታ ቀንሱ። ውጤቱንም ገንዘቡ ከኪሱ ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ አስረዱ።